አዳራሹ ቅዳሜ ከሰዓት ባዶ ነው

ከሆለታ እስከ ባኮ ባሉት ከተሞቻችን አንድ የሃያ ዓመት ልጅ ቅዳሜ ማታ ጥሩ ሙዚቃ ሰምቶ መጨፈር ቢያምረው የሚሄድበት አንድ ቦታ ነው፤ ቢራ ቤት። ጊንጪ በሉ፣ አምቦ በሉ፣ ጉደር በሉ፣ ጌዶ በሉ፣ ያው ነው። ሞንታርቦው በር ላይ ተደርድሯል፣ ድምፁ አስፋልቱን ተሻግሮ ይሰማል፣ ግን ሙዚቃውን ብሎ የገባ ሰው የለም። ሙዚቃው መጥሪያ ነው፤ የሚሸጠው ድራፍቱ ነው። ዲጄ የሚባለውም ልጅ ፍላሽ ሰክቶ ይተወውና ብርጭቆ ሲያነሳ ታገኙታላችሁ። (ልጆቹን እየወቀስኩ አይደለም። የሚከፈላቸውን ስለማውቅ ነው።)

ጠጪ ልሰድብም አልመጣሁም። ደሞዝ የገባ ሰሞን አንድ ሁለት አልጠላም። እኔ የምለው ሌላ ነው። ቢራ የማይጠጣ ልጅ፣ ለቢራ የሚሆን ብር የሌለው ልጅ፣ ማታ መውጣት የማይፈቀድላት ልጅ ሙዚቃ የት ትስማ? በጆሮ ማዳመጫ፣ ብቻዋን፣ አልጋዋ ላይ። በቃ።

ይህን እንድጽፍ ያነሳሳኝ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ነው። ባለፈው ደውሎ «ቲቸር፣ አምቦ ላይ የድሮ ጃንግል ላዘጋጅ ነው» አለኝ። ሐሳቡ ቀላል ነው። ቅዳሜ ከሰዓት፣ ከ8 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት፣ መጠጥ የሌለበት፣ መግቢያው ከማኪያቶ የማይበልጥ። ሞንታርቦ ከሰርግ አከራዮች፣ ላፕቶፕ የራሱ። አዳራሽ ብቻ ነበር የቀረው። ጠየቀ፤ አልተሰጠውም። ማን እንደከለከለው አልጽፍም፣ ነገሩ የአንድ ሰው ወይም የአንድ ቢሮ ጉዳይ አይደለምና። ግን የተጠየቀውን ጥያቄ ካልነገርኳችሁ አይሆንም። «ጃንግል ማለት ጫካ አይደል እንዴ? በዚህ ጊዜ፣ አምቦ ላይ፣ ጫካ የሚል ስም ይዘህ ነው አዳራሽ የምትጠይቀው?»

ሳቅን። ከዚያ ሳቁ አለቀና ልጁ ዝም አለ።

ጃንግልን ለማታውቁት ላስረዳ። (የውጭውን ዓመት በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው፤ የኛ ሲሆን ዓ.ም. እላለሁ።) ጃንግል፣ በኋላ ድራም ኤንድ ቤዝ የተባለው፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ እንግሊዝ አገር፣ በተለይ ለንደን ውስጥ የተወለደ ሙዚቃ ነው። የፈጠሩት ሙዚቃ ትምህርት ቤት የገቡ ሰዎች አይደሉም። ብዙዎቹ ወላጆቻቸው ከጃማይካና ከሌሎቹ የካሪቢያን ደሴቶች የመጡ ጥቁር ልጆችና በአንድ ሰፈር አብረዋቸው ያደጉ ነጭ ልጆች ናቸው። ትልልቆቹ ሬድዮ ጣቢያዎች አያጫውቱላቸውም ነበር። እነሱም ረጃጅም የመኖሪያ ፎቆች ጣሪያ ላይ አንቴና እየተከሉ ያለፈቃድ አሰራጩ። በ1994 የእንግሊዝ ፓርላማ ከቤት ውጭ የሚደረግን የሌሊት ጭፈራ ፖሊስ እንዲበትን የሚያስችል ሕግ ሲያወጣ፣ የሚከለከለውን ሙዚቃ የገለጸው ምቱ ተደጋጋሚ በመሆኑ ነው። አስቡት፣ ምት በአዋጅ! ሦስት ዓመት ቆይቶ፣ በ1997፣ ከብሪስቶል የመጡት ሮኒ ሳይዝና ሬፕራዘንት የተባለው ቡድኑ «ኒው ፎርምስ» በተባለው የድራም ኤንድ ቤዝ አልበማቸው ሜርኩሪን፣ ማለትም የአገሪቱን ትልቅ የአልበም ሽልማት፣ ወሰዱ።

አሠራሩ ለፊዚክስ አስተማሪ ደስ ይላል። ከበሮው በደቂቃ ከ160 እስከ 170 ይመታል። ያረፈ ሰው ልብ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ስለሚመታ፣ ይሄ ዳገት ሮጦ የወጣ ሰው ልብ ነው። ከሥሩ ያለው ቤዝ ግን በግማሽ ፍጥነት፣ እንደ ሬጌ እየተንገላታ ይሄዳል። ስለዚህ አንድ ዘፈን ውስጥ ሁለት ፍጥነት አለ። የፈለገ በእግሩ ከበሮውን ይከተላል፣ የደከመው በትከሻው ቤዙን ይዞ ይቆማል፤ ሁለቱም ልክ ናቸው።

ልጁ መጀመሪያ ያሰማኝ ጊዜ በአእምሮዬ የመጣው ለንደን አይደለም፤ ሰርግ ቤት ነው። የኛን አካባቢ ረገዳ ያየ ሰው የምለው ይገባዋል። ተቀባዩ ድምፁን ሳብ አድርጎ ይዘፍናል፣ ድቤው ይመታል፣ እግር ደግሞ ድንኳኑ ሥር ያለውን መሬት ሲወቅጠው አቧራው ይነሳል። ላይ ረጋ፣ ታች ጥድፊያ። አንድ ናቸው እያልኩ አይደለም። ጃንግል በአራት የሚቆጠር ሙዚቃ ነው፣ ችክችካችን በስድስት ነው፤ ሁለቱን ዝም ብሎ የደራረበ ሰው ጆሮ ያቆስላል። ግን «ለኛ ልጆች እግር የማይሆን ነገር ነው» የሚለኝን ሰው አንድ እሁድ ሰርግ ልጋብዘው።

አሁን ወደምወደው ክፍል ልግባ። የዚህ ሁሉ ሙዚቃ ከበሮ ከየት የመጣ ይመስላችኋል? ከአንድ የ1969 ሸክላ ጀርባ። ዘ ዊንስተንስ የሚባል የዋሽንግተን ዲሲ ባንድ ነበር። ለፊተኛው ገጽ ዘፈን ሠርተዋል፣ ለጀርባው መሙያ ያስፈልጋቸዋል፤ «አሜን ብራዘር» የተባለ በመሣሪያ ብቻ የሚሄድ ሙዚቃ ቀዱ። መሃል ላይ ሌላው መሣሪያ ሁሉ ጸጥ ይልና ከበሮ መቺው ግሪጎሪ ኮልማን ለሰባት ሰከንድ ያህል ብቻውን ይመታል። ነገሩ ያቺ ሰባት ሰከንድ ናት። የለንደን ልጆች በኮምፒውተር ቆራረጧት፣ አፈጠኗት፣ ገለበጧት፣ እንደገና ገጣጠሟት። ዛሬ በሺዎች በሚቆጠሩ ዘፈኖች ውስጥ አለች። እናንተም ሳታውቁት ሰምታችኋታል።

ኮልማን ከዚህ አንድ ሳንቲም ሳያገኝ በ2006 ቤት አልባ ሆኖ ሞተ። የባንዱ መሪ ሪቻርድ ስፔንሰርም ለአሥርት ዓመታት ምንም አልደረሰውም፤ በ2015 ነው የእንግሊዝ ሙዚቃ ወዳዶች መዋጮ አሰባስበው 24 ሺህ ፓውንድ የሰጡት። ይህን ለልጁ ስነግረው አላወቀም ነበር። ለሦስት ዓመት ሲያዳምጥ የኖረው ከበሮ የማን እንደሆነ አላወቀም።

ዋሽንግተን ካልኩ አይቀር፣ የኛም ሰው እዚያ አለ። ኃይሉ መርጊያ ከዋልያስ ባንድ ጋር በ1981 አሜሪካ ሄዶ እዚያው ቀረ። ለዓመታት ታክሲ ነዳ። ኪቦርዱን የመኪናው ዕቃ መጫኛ ውስጥ ይዞ ተሳፋሪ እስኪመጣ ይለማመድ ነበር። በ1985 አኮርዲዮንና ኪቦርድ ብቻውን የተጫወተበትን ካሴት አውጥቶ ነበር፤ በኋላ ተረሳ። ከብዙ ዓመታት በኋላ አንድ አሜሪካዊ ያን ካሴት አግኝቶ፣ ባለቤቱን ፈልጎ ደውሎለት፣ በ2013 እንደገና ታተመ፤ ኃይሉም ወደ መድረክ ተመለሰ። ካሴቱ የተገኘው የት ነው? አዲስ አበባ አይደለም። ባሕር ዳር፣ አንድ ካሴት ሻጭ ጋ ነው።

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። አምቦ ስንት ሙዚቃ ቤት ነበራት? እኔ ልጅ እያለሁ ካሴት የሚቀዱ ቤቶች በየመንገዱ ነበሩ። ሰርግ ላይ የተቀዳ ዘፈን፣ የአካባቢ ዘፋኝ በራሱ ወጪ ያሳተመው፣ ሽፋኑ ፎቶ ኮፒ የሆነ። ካሴቱ በሲዲ ተተካ፣ ሲዲው በሚሞሪ፣ ሚሞሪው በቴሌግራም። ቤቶቹ አሁን የሞባይል ካርድ ይሸጣሉ። ካሴቶቹስ? አንዳንዱ ቤት ቁም ሣጥን ላይ፣ በሻሽ ተጠቅልሎ አለ። አንዳንዱን ልጆች ሪባኑን አውጥተው ተጫውተውበታል።

የልጁ ዝግጅት ኮተት ያልሆነው ለዚህ ነው። «የድሮ» የምትለዋ ቃል ናት ቁም ነገሩ። እንግሊዞቹ ዛሬ የድሮ ጃንግል ምሽት ሲያዘጋጁ የሚመጡት ያኔ ሃያ ዓመት የነበሩት፣ አሁን ሃምሳ የደረሱት ናቸው፤ ጉልበታቸውን እያሻሹ ይመጣሉ፣ ልጆቻቸውንም ያመጣሉ። ሙዚቃው እንዳይጠፋ የሚያደርገው ማኅደር ውስጥ መቀመጡ ብቻ አይደለም፤ ትልቅ ድምፅ ላይ፣ ሰው መሃል፣ በየጊዜው መጫወቱ ነው። የልጁ ዕቅድ መጀመሪያ ሁለት ሰዓት ጃንግሉን ማጫወት፣ ከዚያ ከሰበሰባቸው የኛ ካሴቶች የድቤውን ክፍል ቆርጦ በራሱ መንገድ የሠራውን ማሰማት ነው። ኮልማንን ያላወቀበትን ነገር በገዛ አያቶቹ እንዳይደግመው አንድ ቅድመ ሁኔታ አስቀምጬለታለሁ፦ የመታው ወይም የመታችው ሰው በሕይወት ካለ ሄዶ ያስፈቅዳል፣ ስማቸውን ይጽፋል፣ ብር ከገባ ያካፍላል። የቅጂ መብት አዋጁ፣ ቁጥር 410/1996፣ ለከዋኝም መብት ይሰጣል። አያት ድቤ ስትመታ ከዋኝ ናት።

አዲስ አበባ ይህ ነገር አዲስ አይደለም። እንደገና ሙሉና ሚካኤል ሰይፉ የማሲንቆና የክራር ድምፅ ከኤሌክትሮኒክ ምት ጋር ሲያዋድዱ ቆይተዋል። የሚካኤል «ያራዳ ልጅ» በ2014 የወጣው በአንዲት ትንሽ የዋሽንግተን አሳታሚ ነው (አሁንም ዋሽንግተን!)። ሮፍናን ደግሞ በ2010 ዓ.ም. «ነጸብራቅ»ን ሲያወጣ ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ በታክሲ ውስጥ የሚሰማ ነገር ሆነ። ያኔ ክፍል ውስጥ ልጆቹ ጠረጴዛ እየደበደቡ አላስተምር ብለውኝ ነበር። የምታነቡ ካላችሁ እናንተው ታውቃላችሁ።

«የፈረንጅ ነው» ለምትሉ ግን ጥያቄ አለኝ። ቢራ ቤቱ የሚያጫውተው አማፒያኖ ከጉደር ነው የመጣው? ያን ማንም ባዕድ አላለውም፣ ቢራ ስለሚያሸጥ። ጃንግል ከሁሉም ባይበልጥ እንኳ ወደኛ የሚያይ አንድ ዓይን አለው። ቤዙ ከጃማይካ ሬጌ ነው፣ ሬጌው ውስጥ ደግሞ የራስ ተፈሪያን እምነት አለ። ጃንሆይ በ1966 ኪንግስተን ሲያርፉ ሕዝቡ አየር ማረፊያውን አጥለቅልቆት ነበር፤ ለንደን ላይ ይህን ሙዚቃ ከሠሩት ብዙዎቹም የጃማይካውያን ልጆች ናቸው። ኮንጎ ናቲ የሚባለው የጃንግል አንጋፋ ራሱ ራስ ተፈሪያን ነው። ስለ ጃንሆይ አምቦ ላይ ሁላችንም አንድ ሐሳብ የለንም፣ አውቃለሁ፤ እሱን ሌላ ቀን እንከራከራለን። ሩቅ አገር ያለ ልጅ የኛን አገር ስም በከበሮ ሲጠራ ግን «ምንህም አይደለን» ማለት ይከብደኛል።

አሁን እውነተኛው ምክንያት ላይ ልምጣ፤ ስሙ አይደለም፣ ፈረንጅነቱም አይደለም። ፍርሃት ነው። ይህች ከተማ 2006 ዓ.ም. አልፎባታል፣ 2008 አልፎባታል። ሰኔ 22 ቀን 2012 ሃጫሉ ሁንዴሳ አዲስ አበባ ላይ ተገድሎ እዚህ፣ በተወለደባት ከተማ፣ ሲቀበር የሆነውን ያየ ሰው አይረሳም። አምቦ ላይ «ወጣቶች ተሰበሰቡ» ሲባል የሚደነግጠው ባለሥልጣን ብቻ አይደለም። እናትም ትደነግጣለች። እኔም፣ መምህራቸው፣ እደነግጣለሁ። የመንግሥት ሠራተኛው አዳራሹን ፈቅዶ ነገር ቢመጣ ማን ይቆምለታል? አልፈርድበትም።

ግን እስቲ አብረን እናስብ። አዳራሹ ሲዘጋ ልጆቹ ቤታቸው ገቡ? አልገቡም። ቤቲንግ ቤት ናቸው። ጫት ቤት ናቸው። መቶ ልጅ አንድ ቦታ፣ በታወቀ ሰዓት፣ በብርሃን፣ ትልልቅ ሰዎች በር ላይ ቆመው ቢጨፍር ይሻላል ወይስ አሥር አሥር ሆኖ የት እንዳለ ሳይታወቅ? ሃጫሉ ራሱ በ17 ዓመቱ ታስሮ አምስት ዓመት አምቦ እስር ቤት ሲቀመጥ ነው የመጀመሪያ አልበሙን አብዛኞቹን ዘፈኖች የጻፈው። በዓመት አንድ ቀን ፎቶውን ለጥፈን «የሃጫሉ ከተማ» ከምንል፣ ዘፈን መሥራት የሚፈልገውን የዛሬውን ልጅ እስር ቤት ሳይገባ የሚሠራበት ቦታ ብንሰጠው።

ደግሞ ፍርሃት ባለበት ጊዜ ሙዚቃ መቆም አለበት የሚል ሕግ የለም። በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊ ነበር። የአዲስ አበባ ክለቦች ምን አደረጉ? ሰዓት እላፊው ከመግባቱ በፊት የመጣው ሰው ውስጥ ይቀራል፣ በር ይዘጋል፣ ባንዱ እስኪነጋ ይጫወታል። ኃይሉ መርጊያና ጓደኞቹ እንደዚያ እየሠሩ ነው ያደሩት። ልጁ የጠየቀው ሌሊት እንኳ አይደለም። ከ8 እስከ 12 ሰዓት፣ ፀሐይ ሳትገባ፣ ባጃጅ ሳይጠፋ። ሴት ልጆቻችንም የሚመጡበት ሰዓት ስለሆነ ነው የመረጠው፤ ይህን ማንም አልነገረውም፣ እህቶች ስላሉት ነው።

የእምነት ሰዎች ሥጋት አላችሁ፤ አከብረዋለሁ። እኔም ቤተሰቤ ጭፈራ ቤት እንድገባ ሳይፈቅድልኝ ነው ያደግኩት። ስለዚህ ነው መጠጥ፣ ጫት፣ ሺሻ የለም የሚለው ከመጀመሪያው የተጻፈው። ልጃችሁን ይዛችሁ ኑና በር ላይ ከኔ ጋር ቁሙ። እኔ አራቱንም ሰዓት እቆማለሁ፤ በወላጅ ኮሚቴ ስብሰባ ከዚያ በላይ ቆሜ አውቃለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ። የሙዚቃ ቦታ ሲጠፋ አዲስ አበባም ላይ ይጠፋል። ጥር 2007 ዓ.ም. ጣይቱ ሆቴል ሲቃጠል ጃዝአምባ አብሮ ሄደ። ፈንድቃ በ2017 ዓ.ም. ከካዛንቺስ ተነሳ። እነዚያ ቢያንስ ነበሩ፤ ሰው አዘነላቸው፣ ተጻፈላቸው። የኛ ከተሞች የሚያዝኑለት ቤት እንኳ የላቸውም። አዳራሽ ግን አለን። ሲሚንቶ፣ ወንበር፣ መጋረጃ፣ መድረክ። በሳምንት አንድ ሁለት ጊዜ ለስብሰባና ለሥልጠና ይከፈታል፣ ባነር ይሰቀላል፣ አምቦ ውሃ ይደረደራል፣ ይዘጋል። ቅዳሜ ከሰዓት ባዶ ነው። ሄጄ አይቻለሁ፣ ዘበኛው በር ላይ ሬድዮ ያዳምጣል።

የምጠይቀው እንግዲህ ይሄ ነው። አምቦ ላይ አዳራሽ የሚያስፈቅድ ቦታ የተቀመጣችሁ የቀድሞ ተማሪዎቼ አላችሁ፤ ስማችሁን አልጠራም፣ እናንተ ራሳችሁን ታውቃላችሁ፣ የስንተኛ ረድፍ ላይ ትቀመጡ እንደነበርም እኔ አውቃለሁ። ለአንድ ቅዳሜ ብቻ። ስሙ ካስፈራ «የድቤ ከሰዓት» ይባል፣ ልጁ ተስማምቷል። ኃላፊነቱን የሚፈርም ትልቅ ሰው ከተፈለገ እኔ እፈርማለሁ፣ ሁለት ባልደረቦቼም እንፈርማለን ብለዋል። አዳራሹ ጭራሽ እምቢ ካለ ጉደር ወይም ጊንጪ ላይ ሰፊ ግቢ ያለው ይጻፍልን፤ ልጆቹ በሚኒባስ ይሄዳሉ።

መብራት ስለማይታመን ጄኔሬተር ያስፈልጋል። ሰርግ የሚያከራዩ ሰዎች ዋጋ ነግረውናል፣ ከመግቢያው አይሸፈንም፤ በነጻ ወይም በነዳጅ ብቻ የሚሰጥ ካለ በውስጥ መስመር ያናግረኝ።

ካሴት ያላችሁ ደግሞ፣ በተለይ ከ1980ዎቹና ከ1990ዎቹ ዓ.ም. የሰርግ ቅጂ፣ እባካችሁ አትጣሉ። ትምህርት ቤት ለኔ ብላችሁ ማስቀመጥ ትችላላችሁ፤ ቀድተን እንመልሳለን፣ ማን እንደዘፈነና ማን ድቤ እንደመታ የምታስታውሱትን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ክተቱበት። የሚሠራ ቴፕ ተገኝቷል። ሪባኑ የወጣም ቢሆን አምጡት፤ ቢክ እስክሪብቶ ሞልቶናል፣ እየጠቀለልን እንመልሰዋለን።